ሁሉም ስህተት «አሳፋሪ» አይደለም፦ ለአንድ የሙያ ባልደረባዬ የተሰጠ ምላሽ

«ስህተት ስህተት ነው» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ ሰሞኑን በእንግሊዝኛ መምህራን ዘንድ መነጋገሪያ ሆኗል። ጸሐፊው የሙያ ባልደረባዬ ናቸው። በማስተማር ከኔ የበለጠ ዕድሜ አሳልፈዋል፤ አከብራቸዋለሁ። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የሚሠራው ስህተት ትልቅና ትንሽ የለውም። መምህር ሲያርም ኮስተር ያለ ቃል ይጻፍ፤ ተማሪ ካልደነገጠ አይማርም። ለዚህም «ሲሪየስ»፣ «ግሌሪንግ»፣ «ግሮስ» እና «ኢግሪጂየስ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ያቀርባሉ። አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል ባይ ናቸው። ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ስላሉ ትምህርት ቤቶች ሲጽፉ ደግሞ «እዚያ የሚታየው ስህተት ሁሉ አንድ ስም ነው ያለው፤ መሠረት ማጣት» ይላሉ። ቀጣሪ ስህተት አይለይም፣ ለስላሳ ቃል እንግሊዝኛችንን ገደለው፣ የፈተናው ውጤት ምስክር ነው ብለው ይጨርሳሉ።

እኔ የማስተምረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ጸሐፊው «ዳር» ያሉት እንዲህ ያለውን ሰፈር ነው። የተጻፈው ስለ ተማሪዎቼ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለከባድ ስህተት ከባድ ስም ይሰጠው፤ በዚህ እስማማለሁ። ስሙ ግን መውጣት ያለበት ስህተቱ አንባቢው ላይ ካደረሰው ነገር ተነስቶ ነው። መምህሩ በተናደደው ልክ ስም መስጠት ልክ አይደለም።

«ስህተት ትልቅና ትንሽ የለውም»

ይህን ነጥብ በምሳሌ ነው መመለስ የምፈልገው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ቤተሰባቸው አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። ከአንዷ ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር በፈቃዷ ልጥቀስ። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ላስፍረው።

«ዊ ሊቭ ኢን ቱሉ ዲምቱ። ዘ ሀውስ ዊች ዊ ሬንትድ ኢት ኢዝ ስሞል። ኦልዞ ኢት ኢዝ ስሞል፣ በት ማይ ማዘር ላይክ ኢት። ላስት ይር ማይ ፋዘር ቦሮውድ ሂዝ ፍሬንድ ቴን ታውዘንድ ብር፣ አንድ ናው ዜይ አር ኖት ስፒኪንግ።»

በዚህች አጭር አንቀጽ ውስጥ አራት ስህተት አለ። «ዊች ዊ ሬንትድ ኢት» ከሚለው ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢት» ትርፍ ናት። ከየት እንደመጣች ግን ግልጽ ነው። እኛ «የተከራየነው ቤት» ስንል ግሱ ጫፍ ላይ ያለችው «ው» ቤቱን ትጠቁማለች። ልጅቷ ያቺን «ው» ይዛት ሄደች። «ኦልዞ» እና «በት» ተከታትለው የመጡትም ከዚያው ነው። «ምንም እንኳ ትንሽ ቢሆንም፣ ነገር ግን እናቴ ትወደዋለች» ማለት ለጆሯችን የተለመደ ነው። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል። «ላይክ» ላይ «ኤስ» መቅረቷን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሦስቱ ስህተቶች እንዳሉ ሆነው እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ ሐሳቡን ያገኘዋል። ቤቱ የኪራይ ነው፣ ትንሽ ነው፣ እናት ወደውታል። አለቀ።

አራተኛው ሌላ ነገር ነው። ልጅቷን ጠርቼ ጠየቅኳት። ገንዘቡን ያበደሩት አባቷ ናቸው። ጓደኛቸው አልመለሰም፤ ተኳረፉ። ወረቀቱ ላይ ግን አባቷ ተበዳሪ ሆነው ቁጭ ብለዋል። «አበደረ» እና «ተበደረ» ለኛ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። መነሻቸው ላይ ያለችውን ፊደል ለውጦ አንዱን ከሌላው ማግኘት ይቻላል። «ሌንድ» እና «ቦሮው» ግን ዝምድና የላቸውም። አንባቢው ምን ያስባል? አባትየው ብር ወስደው አልመለሱም፣ ጓደኛቸው ተቀየመ ብሎ ያልፋል። ቢበዛ «ፍሮም» የምትል ቃል ተረስታለች ይል ይሆናል። ነገሩ ተገልብጦ እንደቀረበለት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጸሐፊው በሚሉት መንገድ ቢታረም ይህ ወረቀት አራት እኩል ቀይ ክብ ይኖረዋል። ከታች «ቬሪ ፑር» ይጻፍበታል። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ስትሄድ የትኛው ክብ አባቷን ባለዕዳ እንዳደረጋቸው በምን ታውቃለች? ቀላሏን «ኤስ» ጨምራ፣ «ቦሮውድ»ን እንዳለ ትታ ብትመልሰው እንዴት እፈርድባታለሁ? እኩል ነው ብለን የነገርናት እኛው ነን።

ስህተትን መለየት ዛሬ የመጣ ፋሽን እንዳይመስል ወደኋላ ልሂድ። ፒት ኮርደር የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ስህተት ለይቷል። አንደኛው ሰው ሕጉን እያወቀ በድካም ወይም በችኮላ የሚስተው ነው፤ «ሚስቴክ» አለው። ሁለተኛው ሕጉን ገና ስላልያዘው ደጋግሞ የሚስተው ነው፤ «ኤረር» አለው። የመጀመሪያውን ተማሪው ረጋ ብሎ መልሶ ቢያነበው ራሱ ያርመዋል። ሁለተኛውን መቶ ጊዜ ቢያነበው አያየውም፤ ትክክል መስሎታልና። ለአንደኛው «መልሰህ አንብብ» ይበቃል። ለሁለተኛው ትምህርት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ስም መለየቱ ተራ ጨዋነት አይደለም። መምህሩ ነገ ጠዋት ክፍል ገብቶ ምን እንደሚያስተምር የሚወስነው በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ማሪና በርት እና ካሮል ኪፓርስኪ ሌላ መስመር አሰመሩ። የዓረፍተ ነገሩን ጠቅላላ አቋም የሚያናጋውን «ግሎባል»፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚቀረውን «ሎካል» አሉት። የቃላት ቅደም ተከተል መዘበራረቅ ከፊተኛው ነው፤ የአርቲክል («ኤ» እና «ዘ» የመሳሰሉት) መቅረት ከኋለኛው። ጠቃሚ መስመር ነው። ለኔ ግን አይበቃኝም። «ቦሮውድ» አንዲት ቃል ናት፤ የዓረፍተ ነገሩን አቋም አላናጋችም፤ ትርጉሙን ግን ገልብጣዋለች። ስለዚህ እኔ ወረቀት ሳርም ከቦታው በፊት ውጤቱን እጠይቃለሁ። ይህን ያነበበ ሰው ምን ብሎ ተረዳ? የምጠይቀው ይህንን ነው።

«ሲሪየስ፣ ግሌሪንግ፣ ግሮስ፣ ኢግሪጂየስ አንዱ በሌላው ይተካል»

ከጸሐፊው ጋር በጣም የምለያየው እዚህ ላይ ነው። ሥራችን ቃል ማስተማር ነው። ወረቀት ላይ የምንጽፈው ቃል እንዲያው ለንዴት ማብረጃ ሲሆን ያንገበግበኛል።

«ግሌሪንግ» ስለ መታየት ነው የሚናገረው። ዓይን ላይ የሚያበራ፣ ፈልጎ ማግኘት የማያስፈልገው ስህተት ማለት ነው። «ሲሪየስ» ስለ ክብደት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ላይገጥሙም ይችላሉ። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚመጣ ሰው መንገዱ ዳር ያሉትን የሱቅና የምግብ ቤት ታፔላዎች ልብ ብሎ ይመልከት። «ሬስቶራንት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ተጽፎ ያገኘዋል! ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ስህተቱ ከሩቅ ይታያል። ግሌሪንግ ነው። ሆኖም በዚያ ስህተት የተነሳ ምሳውን ሳይበላ የተመለሰ ሰው የለም። ሲሪየስ አይደለም። የተማሪዬ «ቦሮውድ» ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከባድ ነው፤ ግን አይታይም። «ግሌሪንግ» ብዬ ብጽፍባት ውሸት ጻፍኩ ማለት ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ሲያደርጉ መምህሩ በዓይኑ ቶሎ የሚገባውን ብቻ እንዲያሳድድ ያደርጉታል። ድምፅ የሌለው ስህተት እየተሹለከለከ ያልፋል።

«ግሮስ» ከልክ በጣም የራቀ ስህተት ነው። አሥር ሺህ ለማለት መቶ ሺህ የጻፈ ሰው ግሮስ ኤረር ሠራ ይባላል። የቁጥር፣ የመጠን፣ የቀን ስህተት ላይ ቃሉ ቦታውን ያገኛል። አርቲክል ለረሳ ልጅ ግን አይመጥንም። ከእውነቱ ምን ያህል ራቀ ሲባል የሚለካ ነገር የለማ።

«ኢግሪጂየስ» የሚለውን ደግሞ ለብቻው ላንሳው። ሥሩ ላቲን ነው፤ «ከመንጋው ተለይቶ የወጣ» ማለት ነበር። እንግሊዝኛ ውስጥም በድሮ ጊዜ ለሙገሳ ይውል ነበር። ዛሬ የቀረው ክፉው ትርጉም ነው፤ ሊታለፍ የማይችል፣ ወቀሳ ያዘለ። ይህ ቃል ስህተቱን ብቻ አይገልጽም፤ ሰውየውንም ይከሳል። ማወቅ ሲገባህ፣ መጠንቀቅ ሲገባህ አላደረግክም ይላል። ስለዚህ ለማን ይባላል? ስንት አርታኢና አስተርጓሚ እያለው አንድ ውል ሳያነብ ፈርሞ ላወጣ ኃላፊ ይባላል። የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ ላይ «ኖት» የምትለዋን ቃል ዘሎ ላሳተመ ድርጅት ይባላል። ቋንቋውን ገና እየተማረች ላለች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አይባልም። ማወቅ የሚገባትን ለማወቅ ነው እኮ እኔ ክፍል የመጣችው።

ጸሐፊው ያላነሱት «ሀውለር» የሚል ቃልም አለ። የሚያስቅ ስህተት ማለት ነው። እሱን ተማሪ ወረቀት ላይ የሚጽፍ መምህር አይቻለሁ። ልጁ ፊት መሳቅ ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

«ተማሪ ካልደነገጠ አይማርም»

የደነገጠ ተማሪ የሚያደርገውን ላሳይ። በሚቀጥለው ወረቀት ላይ እንዲህ ይጽፋል። «ማይ ፋዘር ኢዝ ጉድ። ማይ ማዘር ኢዝ ጉድ። አወር ሀውስ ኢዝ ጉድ።» ስህተት የለውም። ሐሳብም የለውም። «ዊች» አይነካም፣ «ኦልዞ» አይነካም፣ ስለ ብድር አይጽፍም። ቀይ ክቡ ጠፋ ብለን ማርኩን ከፍ ብናደርግለት ልጁ የተማረው መሸሽን ነው።

ይህን መሸሽ የቋንቋ አጥኚዎችም ያውቁታል። ጃክሊን ሻክተር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ጥናት የተለያየ አፍ መፍቻ ቋንቋ ያላቸው ተማሪዎች የጻፉትን እንግሊዝኛ አነጻጽራለች። ቻይናውያንና ጃፓናውያን ተማሪዎች «ዊች» እና «ሁ» በመሳሰሉት የሚያያዙ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ስህተታቸው ጥቂት ነበር። ጎበዞች ስለሆኑ? አይደለም። ያንን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እምብዛም ስላልጻፉት ነው። እሷ ያገኘችው ምክንያት የቋንቋዎቹ ልዩነት እንጂ የመምህር ቁጣ አልነበረም፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ነጥቡ ግን ለኛም ይሠራል። የስህተት ቁጥር ስላነሰ እንግሊዝኛው ተሻሻለ ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሱት አንድ እውነት አለ፤ ልቀበለው። ሳያነቡ «ጉድ» ብሎ ፈርሞ የሚመልስ መምህር አለ ይላሉ። አለ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ወረቀቱ ተቆልሎ፣ በየሳምንቱ ማረም እንዴት እንደሚያደክም አውቃለሁ። ቢሆንም «ጉድ» ብሎ መመለስ ልጁን መተው ነው። የተፈጠረው ክርክር ከባዱን ቃል እናንሳ ወይስ ሁሉንም እንተው የሚል እንዳይመስል። ጆን ትረስኮት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 በጽሑፍ ላይ የሚደረግ የሰዋስው እርማት ጨርሶ ይቅር እስከማለት ሄዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳና ፌሪስ በቂ ማስረጃ የለህም ብላ መልሳለታለች። እኔ ከፌሪስ ጎን ነኝ። ይታረም። ተመርጦ፣ ስሙ ተለይቶ ይታረም።

«ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች፦ መሠረት ማጣት»

ይህን ሳነብ ጽሑፉን አስቀምጬ ትንሽ መቀመጥ ነበረብኝ። ሰፈር የስህተት ስም ሲሆን ያሳዝናል። ነገሩ አዲስም አይደለም። በእንግሊዝኛ የሰዋስው ስህተት «ሶለሲዝም» ተብሎ ይጠራል። ቃሉ የመጣው ዛሬ ደቡባዊ ቱርክ በሆነው ምድር ከነበረችው ሶሎይ ከምትባል ከተማ ነው። የአቴና ሰዎች የዚያች ከተማ ነዋሪዎች ግሪክኛ ተበላሽቷል ይሉ ነበር። ከመሀል የራቀ ሰው በአነጋገሩ ሲናቅ ይኸው ስንት ዘመን ሆነው።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ትርፏ «ኢት» ከቱሉ ዲምቱ አይደለም የመጣችው። ከአማርኛ ነው የመጣችው። አማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ቦሌ ውድ ትምህርት ቤት ቢማርም ያቺን «ኢት» ሲጽፋት ታገኙታላችሁ። «በ» የሚለው ለኛ በአውቶቡስም፣ በእስክርቢቶም፣ በሰኞም ይሠራል። እንግሊዝኛ «ባይ»፣ «ዊዝ»፣ «ኦን» ብሎ ይበትነዋል። ማንም ኢትዮጵያዊ ተማሪ እዚያ ላይ ይደናቀፋል። ለዚህ «መሠረት ማጣት» ምን ይፈይዳል? አማርኛው መሠረት ሆኖ ነው እኮ ይህን ያመጣው።

የዳር ትምህርት ቤት የራሱ የሆነ ነገር ካለው የቋንቋው ብዛት ነው። በኔ ክፍል በአማርኛ ተምረው የመጡ አሉ፤ በአፋን ኦሮሞ ተምረው የመጡም አሉ። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ስፔሊንግ ላይ ሲሳሳቱ ስህተቱ ከላይ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ውስጡ ግን ለየቅል ነው። በግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ፊደል የለም። በአማርኛ የተማረው ልጅ የሰው ስም በትንሽ ፊደል ቢጀምር አይገርምም። በቁቤ የተማረው ልጅ ትልቅ ፊደልን ከድሮው ያውቃታል። እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በቁቤ የሚረዝም ድምፅ አናባቢው ተደርቦ ይጻፋል፤ የሚጠብቅ ድምፅም ተነባቢው ይደረባል። እንግሊዝኛ ቃል ሲጽፍ የሰማውን ያህል ፊደል ይደርባል። «ሲ» የምትባለው ፊደል በቁቤ «ጭ»ን ትወክላለች፤ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»ን። ይህ ልጅ ሕግ የለሽ አይደለም። አንድ ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሕጉ ግን የሌላ ቋንቋ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ክፍለ ጊዜ ሁለቱን አሠራሮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ማየት ነው። «መሠረት የለህም» ከተባለ የሚያውቀውንም ይጠራጠራል።

ስለዚህ የስህተቱን ምንጭ መናገር ከፈለግን ምንጩን እንናገር። «ይህ ከአማርኛው የመጣ ነው»፣ «ይህ ከቁቤ የመጣ ነው»፣ «ይህ ከችኮላ የመጣ ነው»። እነዚህ የሚሠራባቸው ስሞች ናቸው።

«ቀጣሪ ስህተት አይለይም»

ይለያል እንጂ! እንዲያውም ከመምህር የበለጠ ይለያል፤ ገንዘቡ ነዋ።

ተማሪዎቻችን ሲጨርሱ ብዙዎቹ ሥራ የሚፈልጉት እዚሁ አካባቢ ነው። የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ በየመንገዱ ዳር መጋዘን አለ። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ለደንበኛ በኢሜይል እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ዊ ሴንድ ዘ ጉድስ ኦን ፍራይዴይ።» «ሴንት» ማለቱ ነበር። ዕቃው ባለፈው ዓርብ ሄዷል። ተቀባዩ ግን የሚመጣው ዓርብ ይላካል ብሎ ተረዳ። ዕቃው የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። የተሳሳተችው አንዲት ፊደል ናት፤ «ቲ» መሆን ሲገባት «ዲ» ሆነች። በሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ ይህ የግስ ጊዜ ስህተት ነው፤ የትም ክፍል የሚገኝ። እዚህ ኢሜይል ላይ ግን ከባድ ነው። እዚያው ኢሜይል ላይ «ዘ» የምትለዋ አርቲክል ብትቀር ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ቀጣሪው የሚቆጣው በየትኛው ነው?

በሌላ በኩል ጸሐፊውን የሚደግፍ የሚመስል ማስረጃም አለ፤ እኔው ላምጣው። ማክሲን ሄርስተን የተባለች አሜሪካዊት የጽሑፍ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1981 ከ80 በላይ ለሆኑ ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉ ባለሙያዎች ስህተት ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች አቅርባ ምን ያህል እንደሚረብሻቸው ጠየቀቻቸው። በጣም ካስቆጧቸው መካከል መደበኛ ያልሆኑ የግስ ቅርጾች ይገኙበታል። እነዚህ ደግሞ ትርጉም አያበላሹም። ጸሐፊውን ያልተማረ ሰው ነው የሚያሰኙ ናቸው። ይህ አሜሪካ ነው፤ የቋንቋው ባለቤቶች እርስ በርስ የሚመዛዘኑበት። ሆኖም የኛም ሰው የሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ ይህ ዓይነት ፍርድ ያገኘዋል። አልክድም። ግን ከዚሁ ጥናት የሚወጣው ዋናው ነገር አንባቢዎቹ ሁሉንም ስህተት እኩል አለማየታቸው ነው። አንዳንዱ አስቆጣቸው፤ አንዳንዱን ከምንም አልቆጠሩትም። ስለዚህ ከሄርስተን የምወስደው አንድ ተጨማሪ ስም ነው። ትርጉም የማያበላሽ፣ ግን የጸሐፊውን ከበሬታ የሚቀንስ ስህተት አለ። ማመልከቻ ላይ ይህን ቀድሞ ማረም ይገባል። የክፍል መልመጃ ላይ ሊቆይ ይችላል።

ውጭ አገር ለመማር የሚያስቡ ሁሉ የሚያውቁትን አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናም ልጥቀስ። የጽሑፍ ክፍሉ መመዘኛ ስለ ሰዋስው ሲናገር «አሳፋሪ» የሚል ቃል የለበትም። 5 የሚያገኘው ጽሑፍ ስህተቱ አንባቢውን ሊያስቸግር የሚችል ነው። 6 የሚያገኘው ስህተት ቢኖረውም መግባባትን እምብዛም የማይቀንስ ነው። ስንት ልጅ ዕድሉን የሚወስንበት መለኪያ አንባቢውን መነሻ ካደረገ፣ እኛ ምን ሆነን ነው በድንጋጤ የምንለካው?

«ለስላሳ ቃል እንግሊዝኛችንን ገደለው፤ ፈተናው ምስክር ነው»

ይህን በአጭሩ ልለፈው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው እውነት ነው። ሁላችንንም አንገት ያስደፋ ቁጥር ነው። ግን ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው። ተማሪው ከተሰጡት መልሶች ይመርጣል እንጂ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጽፍም። ያውም ቁጥሩ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው። መምህራን ወረቀት ጥግ ላይ የጻፉት ቃል ለስላሳ ስለነበር ይህ ሆነ ማለት ከየት ይመጣል? እንዲያውም ከፈተናው የምማረው ሌላ ነው። ልጁ የጻፈውን እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ሕይወቱ ሁሉ አንብቦ የሚነግረው ሰው መምህሩ ብቻ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በዚህ ቋንቋ ነው የሚማረው። የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው የሚመርጠው ቃል ዋጋው እንዴት ትንሽ ይሆናል?

ታዲያ አንተ ምን ትጽፋለህ ለሚሉኝ ልመልስ። ትርጉም የገለበጠውን ስህተት ሁለት ጊዜ አሰምርበትና ጥጉ ላይ የተረዳሁትን እጽፋለሁ። ለዚያች ልጅ የጻፍኩት «አባትሽ ዕዳ እንዳለባቸው ነው የገባኝ፤ እንደዚያ ነው?» የሚል ነው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩላት። ሲሪየስ የምለው ይህንን ነው፤ ቃሉን ለሌላ አላባክነውም። አንባቢን አስቁሞ መልሶ የሚያስነብበውን አንድ ጊዜ አሰምርበታለሁ። ደጋግሞ የሚመጣውን፣ ግን የማያግደውን፣ ከአንድ ወረቀት ላይ አንዱን ብቻ መርጬ አሳያለሁ፤ ከምንጩ ጋር። የቀረውን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ። ጊዜ ይፈጃል? «ቬሪ ፑር» ከመጻፍ ትንሽ ይበልጣል። አሥራ አምስት ክብ ከማክበብ ግን ያንሳል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ከሚቀጥለው የወረቀት ክምር አሥሩን ይውሰዱ። መጀመሪያ ያለ ቀይ እስክርቢቶ ያንብቧቸው። ከእያንዳንዱ ወረቀት ልጁ ሊል የፈለገውንና እርሳቸው የተረዱትን በአንድ በአንድ መስመር ይጻፉ። ከዚያ ልጆቹን ጠርተው ያመሳክሩ። ሁለቱ መስመሮች ያልገጠሙባቸውን ወረቀቶች ይዘው ቢጽፉልን፣ ምን ስም እንደሚሰጧቸው ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።